ቀለም የተነከረ ሱፍ በእንዝርት መፍተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተን፣ እንዝርት ይዘን በምንቀመጥበት ግቢ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን እነዚህን ነው።

ሱፍ ስትሉ የትኛውን ሱፍ ነው?

በአማርኛ ሱፍ የቅባት እህል ነው፤ ሙሽራ የሚለብሰው ኮትና ሱሪም ሱፍ ይባላል። እዚህ ግን የምንናገረው ስለ በግ ጠጉር ነው፤ ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተፈልቅቆና ቀለም ተነክሮ በእንዝርት ስለሚፈተለው።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የመንዝ ባናና ዝተት፣ በርኖሱ፣ ሐዘንተኛ የሚለብሰው ማቅ ሁሉም ከበግ ጠጉር ፈትል የሚሠሩ ናቸው። በአብዛኛው የሚሠሩት በበጉ በራሱ መልክ፣ በጥቁር፣ በቡናማና በነጭ ነው። እኛ የጨመርነው ቀለሙን ነው፤ ያንንም ቢሆን ብዙውን የተማርነው ሰፌድና መሶብ ከሚሰፉ እናቶች ነው።

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት፤ የሱፍ ክር ምን ይሠራልናል?

እውነት ነው፤ እዚህ ወፍራም ሹራብ የሚያስለብሱት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ማለዳዎች ናቸው። ስለዚህ ከክራችን የሚበዛው ወደ ትራስ ልብስ፣ ወደ ወንበር ምንጣፍና ወደ ግድግዳ ጌጥ ይሄዳል። ኮፍያና የአንገት ልብስ ስንሠራ ደግሞ ተቀባይ አናጣም፤ ጉና ሥር ወይም ደባርቅ ዘመድ ያለው ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።

ሁሉም የሚመጣው ግን ለዕቃው ብሎ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የዋለ ሰው በእጁ የያዘው ቀይ ጠጉር እየቀጠነ፣ እየከረረ ክር ሲሆን ሲያይ ትከሻው ሲወርድ በዓይናችን እናያለን። እኔ ራሴ የመጣሁት ለትራስ ልብስ ነበር፤ የቀረሁት ግን ለመፍተሉ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል? የእናቴ የጥጥ እንዝርት ይሆናል?

አንድ እንዝርትና አንድ እፍኝ የታጠበ ሱፍ ይበቃል። የጥጥ እንዝርት ቀላል ነው፤ ቀጭን የሱፍ ክር ያወጣል፣ ለጀማሪ ግን ቶሎ ቶሎ ይቆምበታል። ለሱፍ ከ30 እስከ 50 ግራም የሚመዝን እንዝርት ይመቻል። ከባድ እንዝርት ረዘም ላለ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ወፈር ያለ ክርም ይሸከማል።

እንዝርቱን እንጨት ሠሪ በትንሽ ዋጋ ይቀርጽላችኋል። ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ ዘንጉ የሚሰካበት ክብ እንጨትም መሐሉ ላይ በትክክል የተበሳ መሆኑን ብቻ ተቆጣጠሩ፤ ትንሽ ከተዛነፈ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል። ጫፉ ላይ ክሩን የሚይዝ መንጠቆ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና እኛ መንጠቆውን የምናሠራው ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ከወጣ ሽቦ ነው፤ በቀላሉ አይጎብጥም።

የእናታችሁን እንዝርት ግን አትጣሉት። ክሩ እጃችሁን ሲለምድ፣ ቀጭን ስትፈልጉ ትመለሱበታላችሁ።

ጥጥ መፍተል እችላለሁ፤ ሱፍ በምን ይለያል?

በጠጉሩ ርዝመት። የጥጥ ጭረት ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የበግ ጠጉር ግን ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን እጆች ማራራቅ ግድ ነው። ጠጉሩ በሁለቱም ጫፍ ከተያዘ የፈለጋችሁትን ያህል ብትስቡት አይመጣም።

ከመካከላችን ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናት አሉ፤ የጥጥ ፈትላቸው እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነው። ሱፍ የያዙ ዕለት እጆቻቸው ጥጥ እንደለመዱት ተቀራርበው ነበርና ጠጉሩ አልሳብ አላቸው፤ «ይህስ እልኸኛ ነው» አሉ። እጃቸውን አንድ ስንዝር ያህል እንዲያራርቁት ነገርናቸው። አቦሉ ሲቀዳ የጀመሩት በረካ ሳይደርስ ተስተካከለላቸው። እርሳቸው ደግሞ በተራቸው ለእኛ አመልማሎ መጠቅለልን አስተማሩን፤ የተበጠረውን ሱፍ ልክ እንደ ጥጡ በዘንግ ላይ ጠቅልሎ ማውጣትን። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈትላችን ሌላ ሆነ። ጥጥ የለመደ እጅ ካላችሁ ቤት ውስጥ ትልቅ ሀብት አላችሁ፤ እናታችሁን ይዛችሁ ኑ።

ሌላው ልዩነት የሱፍ ጠጉር የተጠቀለለና በላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊት ያለው መሆኑ ነው። እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ ከጥጥ ባነሰ ማክረር ክር ይሆናል።

ክሩ ለምን ይበጠስብኛል?

ከሁሉም በላይ የምንጠየቀው ይህንን ነው። መልሱን የምታገኙት የተበጠሰውን ጫፍ ስታዩ ነው። ጫፉ እንደ ብሩሽ ለስልሶና ተበታትኖ ከተገኘ ክሩ አልተበጠሰም፤ ተላቀቀ እንጂ። በቂ ክረት ሳያገኝ ስባችሁታል ማለት ነው። ጫፉ ደርቆና ተጠቅልሎ ከተገኘ ደግሞ ከመጠን በላይ አክርራችሁታል። «ሲከር ይበጠሳል» የሚባለው ሰው ስለ ጠብ ሲናገር ነው፤ ነገሩ የወጣው ግን ከፈታይ እጅ ነው።

ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እርሱም መጨነቅ ነው። ጀማሪ ሱፉን እንደሚያመልጥ ወፍ ጨምድዶ ይይዛል። የተጨመደደ ጠጉር አይፈስም፤ ሳይፈስ ሲቀር ሰው ይስባል፤ ሲስብ ደግሞ አንዱ ቦታ ቀጥኖ ይቀራል፣ ክረቱም ወደ ቀጭኑ ቦታ ይሮጣል፣ እዚያው ይበጠሳል። ቀጭን ቦታ ክረትን እንደሚስብ አንድ ጊዜ ከገባችሁ ብዙው ችግር ይፈታል። ቋጠሮ የመሰለ ወፍራም ቦታ ሲያጋጥማችሁም ከግራና ከቀኙ ይዛችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ፍቱትና ሳቡት፤ ይቀጥናል።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዝርቱን አዙራችሁ በጉልበታችሁ መካከል አቁሙት። ክረቱ ከላይ ተጠራቅሞ ይቆያል። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጠጉሩን ሳቡ፤ ክረቱን ልቀቁለት፤ ጠቅልሉ፤ እንደገና አዙሩ። ዝግ ያለ ነው፤ ግን አይበጥስም። ሲበጠስም አትቋጥሩት። ሱፍ ቋጠሮ አይወድም። የሁለቱን ጫፍ ጠጉር አፍታቱና አንዱን በአንዱ ላይ አስተኝታችሁ አክርሩት፤ ቅርፊቱ ይያያዝና የተቀጠለበት አይታወቅም።

ሱፉን ከየት አገኛለሁ? የአካባቢያችን በግስ?

በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚረባው ዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ለሥጋ ጥሩ ነው፣ ለእንዝርት ግን አይሆንም። የሚፈተል ጠጉር የደጋ በግ ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ በፋርጣና በጋይንት በኩል ያሉት በጎች ጠጉራም ናቸው፤ የመንዝ በግ ደግሞ በዚሁ የታወቀ ነው። እኛ የምናስመጣው ወደ ደብረ ታቦር በሚመላለሱ ዘመዶች በኩል ነው።

የደጋ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ በለስላሳው መካከል ወፍራም ጠጉር ይገባበታል። ለምንጣፍና ለትራስ ልብስ ግሩም ነው፤ አንገት ላይ ግን ያሳክካል። ለአንገት ልብስ የምትፈልጉት ከሆነ ወፍራሙን ጠጉር እየለቀማችሁ አውጡ። አሰልቺ ቢሆንም ከወሬ ጋር ይገፋል። ስትገዙም ያልታጠበ ሱፍ ታጥቦ ሲደርቅ ክብደቱ በእጅጉ እንደሚቀንስ አስቡ፤ ቅባቱ፣ አፈሩና ጭቃው ሁሉ ይመዘናልና። ለኮፍያ 100 ግራም፣ ለአንገት ልብስ 200 ግራም ያህል የታጠበ ሱፍ ይበቃል።

ገበያ ላይ «የሱፍ ክር» ተብሎ የሚሸጠው እውነተኛ ሱፍ ነው?

ብዙው አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለመለየት አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሷት። የበግ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ራሱ ይጠፋል፣ ዐመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሆናል። የቀለጠው ቆዳ ላይ ከተንጠባጠበ ክፉኛ ያቃጥላልና ውሃ አጠገባችሁ አድርጉ።

ይህን ፈተና ይዛችሁ ሰልባጅ ተራ ብትሄዱ እውነተኛ የሱፍ ሹራብ ይገኛል። ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ቀለም ይነከራል። መፍተሉ ባይኖርበትም ቀለም ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ የለም።

ወንዶች ይቀላቀላሉ?

አዎ። በአገራችን ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ልማዱ ይህ ሆኖ ስለቆየ የሚያፍሩ አሉ። እኛ ጋር ሁለት ወንዶች አሉ፤ አንደኛው ከሁላችንም የተስተካከለ ክር ያወጣል።

በበዓል ቀን መፍተል ነውር አይደለም?

ብዙዎቻችን ያደግነው በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 እንዝርት በማይነሳበት ቤት ነው። «ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ስለሆነ ሥራ አይባልም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚህ ነገር አልከራከርም። ለአንዱ ጨዋታ የሆነው አጠገቡ ለተቀመጡት እናት የልጅነት ትእዛዝ ነው። ማክሰኞ የዋለው በበዓል ከሆነ እንዝርት ሳንይዝ ተገናኝተን ቀጥሎ የምንነክረውን ቀለም እንመካከራለን። ሙስሊም እህቶቻችንም ስላሉ ሰዓታችንን ያደረግነው ሶላታቸውን በሚያመቻቸው መንገድ ነው። ረመዳን ሲገባ ቡናው ይቀራል፣ መፍተሉ ይቀጥላል።

በምን ልንከረው? የአለላ ቀለም ይይዛል?

ይይዛል። ለአለላ የሚሸጠው ዱቄት ቀለም ከሱፍ ጋር ይዋደዳል፤ መልኩም ደማቅ ነው። ግን መስኮት ሥር የተቀመጠ ትራስ ላይ ፀሐይ ቶሎ ታገረጣዋለች፤ የእኔ የመጀመሪያ ሐምራዊ ትራስ በአንድ በጋ ግራጫ ሆኗል። ለሱፍ ተብሎ የተሠራ፣ በኮምጣጤ የሚያዝ ቀለም ካገኛችሁ እርሱ ይሻላል። ሁለቱንም ዱቄቶች ስትበጠብጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ድስቱም ምግብ የማይሠራበት ይሁን።

እኔ ግን ልቤ ያለው ከጓዳና ከጓሮ በሚገኘው ላይ ነው። ከፎገራ የሚመጣው የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ከሱፉ ክብደት ጋር እኩል ሆኖ ሲቀቀል፣ ከወርቃማ ቢጫ እስከ ዝገት የመሰለ ቡናማ ይሰጣል። ልጣጩን በነጻ ትሰበስባላችሁ፤ ጉልት ላይ ያሉ ነጋዴዎች የሚጥሉት ነው። እርድ የሚያበራ ቢጫ ያወጣል፤ የሚያሳዝነው ከሁሉም ቀድሞ የሚለቅ መሆኑ ነው። ቡና ፈዛዛ ቡናማ ይሰጣል። እጅና እግር የሚሞቁበት እንሶስላ ደግሞ ሱፍ ላይ ሞቅ ያለ፣ ወደ ብርቱካን ያዘነበለ ቡናማ ይሆናል፤ እናቴ የሠርጓ ዋዜማ እጇ ላይ የነበረውን ቀለም በክር ሳየው የተሰማኝን መናገር አልችልም።

የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ሱፉን አጥብቆ እንዲይዝ አስቀድሞ ሽብ ያስፈልገዋል። ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም ሽብ በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ውሃ የጠጣውን ሱፍ ጨምራችሁ፣ አንድ ሰዓት ያህል በለስላሳ እሳት ላይ አቆዩት። ከዚያ ወደ ቀለሙ ድስት ይገባል፤ ሌላ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ እዚያው ይበርዳል።

ስነክረው ሱፉ ተጣብቆ ጠጠረ፤ ምን አጠፋሁ?

ሙቀቱን በድንገት ቀይረኸዋል፣ ወይም አማስለኸዋል። የሱፍ ቅርፊት በሙቅ ውሃ ውስጥ ይከፈታል፤ በዚያ ላይ ሲታሽ አንዱ በአንዱ ይቆላለፍና ወደ ኋላ አይመለስም። ሱፉ ሲገባና ሲወጣ ውሃው ከሱፉ ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ይኑረው፤ እሳቱ ቀስ ብሎ ይጨመር፤ ማማሰያው በዝግታ ወደ ታች ይጫን እንጂ አይዙር። ውሃው ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሱ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ «መቶ አልደረሰም» ብላችሁ አትጠብቁ።

የጠጠረውን አትጣሉት። የድስት ማስቀመጫ ይሆናል።

ያማሩ ቀለሞች ነክሬ ስፈትላቸው ለምን ይጨፈግጋሉ?

ቀለሞቹ ጠጉር ለጠጉር ስለሚቀላቀሉ ነው። ዓይን ከርቀት ጠጉሮቹን ለይቶ አያይም፤ ደምሮ ነው የሚያያቸው። ቢጫና ሰማያዊ ጠጉር አብሮ ሲበጠር ሕያው አረንጓዴ ይመስላል፤ ቀይና አረንጓዴ ሲቀላቀል ግን ክረምት ላይ ወደ ጣና የሚገባውን ጎርፍ ይመስላል። ስለዚህ የሚዋደዱትን ብቻ አብራችሁ አበጥሩ፤ የሚጣሉትን ለየብቻ ፍተሉና ተራ በተራ ቀጥሏቸው።

ሁለተኛው መጨፍገግ የሚመጣው ክሩን ስትደርቡ፣ ማለትም ሁለት ክር አንድ ላይ ስታከርሩ ነው። የአንዱ ክር ቢጫ ከሌላው ሐምራዊ ጋር ሲገጥም ዝንጉርጉር ይወጣል። ዝንጉርጉሩን ከወደዳችሁት ደስ ይላል። ካልወደዳችሁት ግን ባለ ብዙ ቀለሙን ሱፍ በቁመቱ ሁለት ቦታ ሰንጥቁትና ሁለቱንም ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በአንድ ቅደም ተከተል ፍተሉ፤ ሲደረቡ ቢጫው በቢጫው ላይ ያርፋል። እጅ እኩል ስለማይፈትል በየመሐሉ መዛነፉ አይቀርም። ጨርሶ እንዳይዛነፍ የምትፈልጉ ከሆነ አንዱን ክር ረጅም ቀለበት እየሠራችሁ፣ ቀጣዩን ቀለበት በውስጡ እየሳባችሁ፣ በራሱ ላይ ሦስት አድርጋችሁ አክርሩት። ቀለሙ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ክሩ ግን ይወፍራል፤ በርዝመትም ሲሶው ብቻ ይቀራችኋል።

ክሬ ለብቻው እየተጠማዘዘ ይተበተባል፤ ሹራቡም ወደ አንድ ጎን ይጋደላል። ለምን?

ነጠላ ክር በውስጡ የታመቀ ክረት አለ፤ ሊፈታ ይፈልጋል። የሚያረጋጋው ሌላ ክር ነው። ወደ ቀኝ አዙራችሁ የፈተላችኋቸውን ሁለት ክሮች ወደ ግራ እያዞራችሁ ደርቧቸው፤ አንዱ የሚፈታው ሌላውን ያቅፋል፤ ክሩ ይተኛል። በአንድ አቅጣጫ ብትደርቧቸው ግን ይባስ ይተበተባሉ። ከጀማሪዎች ግማሹ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን አቅጣጫ እንዳትረሱ ልቃቂቱ ላይ ምልክት አድርጉ።

ከተደረበ በኋላ በቱባ ጠቅልላችሁ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ጨምቁት እንጂ አትጠምዝዙት፤ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ቱባው ሲሰቀል ካልተጠማዘዘ ሚዛኑን አግኝቷል።

ብል እንዳይበላው ምን ላድርግ?

ብል የሚወደው ጨለማ፣ ፀጥታና ያልታጠበ ሱፍ ነው። አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ በሚከደን ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ በወር አንድ ጊዜ አውጥታችሁ አራግፉ። በክረምት የሐይቁ እርጥበት ስለሚበዛ ፀሐይ የወጣ ቀን አያምልጣችሁ።

ሱፉን ጣና ዳር ብናጥበውስ? የቀለሙን ውሃስ የት እንድፋ?

ጣና ላይ አይሆንም። ይህን ስንናገር «አንድ ባልዲ ምን ያመጣል?» የሚሉን አሉ። ያልታጠበ ሱፍ ቅባት፣ የበግ እዳሪና ሳሙና ይዞ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ፍግ ነው እምቦጭን የሚያሰባው። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ለመግፋት ሲታገል ከአሥር ዓመት በላይ አይተናል፤ እኛ በትርፍ ጊዜያችን የምንደሰትበት ነገር በእርሱ ላይ አንዲት ቅጠል እንኳ መጨመር የለበትም።

ሱፉን ቤት ውስጥ በበርሜል አጥቡት። የመጀመሪያው ዙር ሳሙና አይፈልግም፤ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይደር። ያ ቡናማ ውሃ ለሙዝና ለማንጎ ሥር ማዳበሪያ ነው።

የቀለም ውሃ ሌላ ነው። በኮምጣጤ የሚያዘው ቀለም በትክክል ከተመዘነ ሱፉ ጠጥቶት ውሃው ጠርቶ ይቀራል፤ ካልጠራ ሌላ ሱፍ ጨምሩበት እንጂ አትድፉት። የሽንኩርት ልጣጩን ድስት እኛ ሦስት ጊዜ እንጠቀምበታለን። የመጀመሪያው ሱፍ ዝገት መስሎ ይወጣል፤ ሁለተኛው አደይ አበባን ይመስላል፤ ሦስተኛው የጤፍ ጭድ መልክ ይይዛል። የተረፈውን ከጉድጓድ ውሃና ከቦይ ርቀን በቆፈርናት ጉድጓድ ውስጥ እንደፋዋለን። ሦስቱን ቢጫዎች በአንድ እንዝርት ላይ ስትቀጣጥሏቸው የሚወጣውን ክር መጥታችሁ እዩት።